መኪናዬ ሚኒሞ ላይ ስትንቀጠቀጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ እየሠራ ነዳጅ ሳልሰጣት፣ ስትንቀጠቀጥ ስለነበረችው መኪናዬ ነው።

ኮሮላ ናት፣ ከአባቴ የተረከብኳት። ሜክሲኮ መብራት ይዞኝ ቆሜ፣ መስተዋቱ ላይ ያንጠለጠልኩት መቁጠሪያ ሲርገፈገፍ አየሁ። መሪው እጄን ይነዝረኛል። መብራቱ ለቆኝ ነዳጅ ስሰጣት ፀጥ አለች። ቀጣዩ መብራት ላይ ደግሞ ያው።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ አራቱንም ካንዴላ (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሰውን) ቀየረልኝ። ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። ሌላው ጋራዥ የነዳጅ ፓምፕ ነው አለኝ። ፓምፑም ተቀየረ፣ መንቀጥቀጡም እዚያው። ብሩ አንድ ነገር ነው። በጣም ያዘንኩት ግን ሁለቱም ለአንድ ደቂቃ እንኳን ቆመው ሞተሩን አላዳመጡትም።

በመጨረሻ የአባቴ የድሮ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ኮፈኑን ከፈቱና «ነይ እዚህ ቁሚ ልጄ፣ ጆሮሽን ስጪኝ» አሉኝ። ሞተሩ እየሠራ፣ ወፍራም ጓንት አድርገው የመጀመሪያውን ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ሶኬት ነቀሉ። ሞተሩ ዝቅ አለ፣ ሊጠፋ ደረሰ። መለሱት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ነቀሉ፤ ምንም! ድምፁ ቅንጣት አልተለወጠም። ለካ ያ ሲሊንደር (ነዳጅ የሚቃጠልበት ክፍል) ቀድሞውኑ ሥራ አቁሟል። (ይህን ባዶ እጃችሁን እንዳትሞክሩት አደራ፣ ኮይል ክፉኛ ይመታል።)

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 700 ዙር ያህል ነው የሚዞረው። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ያቀጣጥላል። ስለዚህ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ገደማ ይገፋል ማለት ነው። አንዱ ሲሰንፍ በየሰከንዱ ስድስት ጊዜ ግፊት ይጎድላል። መቁጠሪያዬን ያርገፈገፈው እሱ ነው። ነዳጅ ስትሰጡ ዙሩ ይፈጥናል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ መንቀጥቀጡም ይደበቃል።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። ሞተሩን አጥፍተው የሦስተኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያየሩት። ስካነሩ (የሞተሩን ብልሽት የሚያነበው መሣሪያ) ላይ ፒ0303 የነበረው ኮድ ፒ0302 ሆነ፤ የመጨረሻው ቁጥር የታመመውን ሲሊንደር ይነግራል። በሽታው ከኮይሉ ጋር ሄደ። ጥፋቱ የካንዴላም የፓምፕም እንዳልነበር ያኔ ገባኝ።

ከዚያ የሦስተኛውን ካንዴላ ጉድጓድ በባትሪ አበሩልኝ። ዘይት አቁሯል። ከላይ ያለው የቫልቭ ሽፋን ጋስኬት (ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው) ደርቆ ዘይት እያሳለፈ፣ የኮይሉን ጎማ አበስብሶታል። ካንዴላ የቀየረው ሰው ይህን ዘይት ሳያየው አይቀርም። «ኮይሉን ብቻ ቀይሬ ብሰጥሽ ተመልሰሽ ትመጫለሽ» አሉኝ። ኮይሉንም ጋስኬቱንም ከሶማሌ ተራ ገዝቼ መጣሁ።

ሁሌም ኮይል ነው እያልኳችሁ አይደለም። ሶኬቶቹ ሲነቀሉ አራቱም እኩል ዝቅ ካደረጉት፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ፈልጉ። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ ትንሿ ቀዳዳም ታውከዋለች። የሞተሩ ድምፅ ደህና ሆኖ ቦዲው ብቻ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች አሳዩ። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን አትንዱ፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራውን) ያቃጥለዋል።

ሥራው ሲያልቅ ጋሼ ፈተናውን ደገሙት። አንደኛ፣ ዝቅ አለ። ሁለተኛ፣ ዝቅ አለ። ሦስተኛውን ከመንቀላቸው በፊት ቀና ብለው አዩኝ። ነቀሉት። ሞተሩ ተንገዳግዶ ሊጠፋ ደረሰ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ።