ፊልም ያየሁ መስሎኝ ሳሰራጭ

እሺ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ድምፄ ከጎረነነባችሁ ጉንፋን ነው። ያቺን ደብዳቤ ላወራላችሁ ነው።

እዚህ ፍራንክፈርት በመጣሁ በሁለተኛው አመት፣ ፖስታ ሳጥኔን ስከፍት ከጠበቃ ቢሮ የተላከ ወፍራም ፖስታ። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ፊልም ስም፣ ቀኑ፣ ሰአቱ እስከ ሰከንዱ፣ አይፒ አድሬሴ (የኢንተርኔት መስመሬ የሚታወቅበት ቁጥር)፣ ከታች ደግሞ ከ900 ዩሮ በላይ ክፈል፣ ሁለተኛ አላደርግም ብለህም ፈርም ይላል። ጀርመኖቹ አብማኑንግ ነው የሚሉት፣ ማስጠንቀቂያ እንደማለት ነው። እኔ እኮ የአጭበርባሪ መስሎኝ ልጥለው ነበር።

ያደግኩበት ሰፈር ፍላሽ ይዞ ሄዶ ፊልም ማስጫን ዳቦ እንደመግዛት ነው፣ ባለሱቁ ካወራህ የሚያወራህ "አክሽን ነው የህንድ?" ብሎ ነው፣ ወይ ፍላሽህ ቫይረስ አለው ብሎ ይቆጣሃል፣ ህግ የሚባል ነገር ማን አንስቶ ያውቃል። ህጉ ግን አለ፣ የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996። አንቀጽ 9 ላይ የታተመን ስራ ለራስህ ብቻ አንድ ኮፒ ብትገለብጥ ባለመብቱ ሊከለክልህ አይችልም ይላል፣ በርግጥ ገደቦች አሉት፣ ባለሱቁ ግን ለሽያጭ ስለሚያባዛ እዛ ውስጥ አይገባም። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 አመት ጽኑ እስራት ነው የሚለው! ለፍላሽ ሱቅ ይሄ በዛ፣ እኔ አይዋጥልኝም።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። እኔን ያስጠየቀኝ ማየቴ አይደለም። ቶረንት ላይ፣ ማለትም ሰዎች ፋይል በቁራጭ በቁራጭ እርስ በርስ በሚለዋወጡበት መንገድ፣ ስታወርድ የደረሰችህን ቁራጭ ወዲያው ለሌላው እየላክክ ነው፣ አይፒህንም አብረውህ የሚያወርዱት ሁሉ ያዩታል፣ ከነሱ መሃል ደግሞ ለባለመብቱ የሚመዘግብ አለ። እኔ ሶፋ ላይ ሻይ ይዤ ተኝቼ ለካ አከፋፋይ ሆኛለሁ!

ኦንላይን ዝም ብሎ ማየትስ ለምትሉ፣ በፈረንጆቹ 2017 ላይ የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት ህገወጥ መሆኑን እያወቁ ማየትም አይፈቀድም ብሏል፣ ግን አይቶ ብቻ ደብዳቤ የመጣበት ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

ተደራድሬ ትንሽ አስቀንሼ ከፈልኩ፣ ያን ወር ፓስታ በፓስታ ሆንኩላችሁ።

ደብዳቤው ደግሞ የሚመጣው ኢንተርኔቱ በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ "የዋይፋይህ ፓስዎርድ ስንት ነው?" አለኝ። ላፕቶፕህን ክፈት አልኩት፣ ቶረንቱን አጠገቡ ቆሜ አስጠፋሁትና ሰጠሁት።