ተቆራጩ የቀረ ቀን

የእድራችን አባቶች እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ሰብሳቢያችን አስር ደቂቃ ሰጥተውኛል፣ ከገንዘብ ያዡ ሪፖርት በፊት ስለ እናቴ ጡረታ ላወራ ነው። ታውቋት ነበር፣ እዚሁ አዘዞ ነው ያሳደገችን፣ አምና ደግሞ እናንተው ናችሁ የቀበራችኋት።

አባቴ ወታደር ነበር፣ ኤርትራ ናቅፋ ግንባር ሲዘምት እኔ አራት አመቴ ነው። እማዬ በየወሩ ከደመወዙ ተቆራጭ ትቀበል ነበር፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ እከተላታለሁ፣ ሰልፉ ላይ የሚቆሙት ሁሉ የወታደር ሚስቶች ናቸው። መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ያ ሁሉ ጦር ሲያልቅ እኛ ቤት የደረሰ ወሬ አልነበረም፣ ከጥቂት ወር በኋላ ግን ተቆራጩ ቀረ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ መዝገቡን ገለጠ፣ በጣቱ ወደታች እየሄደ ሄደና ስሙ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ "የለም" አላት። ብሩ ነው የለም ያለው ወይስ ሰውየው፣ አልገባትም፣ ለመጠየቅም ፈራች። ይሄን ሳስበው ዛሬም ያንቀኛል።

እናንተ ታውቁታላችሁ፣ መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይቀመጡም፣ ተዝካርም አያወጡም። ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ ጠበቀችው። በ1983 መንግስት ተለውጦ ሰራዊቱ ሲበተን መንገድ ላይ ቆማ ያለፈውን ወታደር ሁሉ ስሙን እየጠራች ትጠይቅ ነበር፣ አንድም አውቀዋለሁ ያላት የለም።

ጡረታ ልትጠይቅ የወጣችው ከዛ በኋላ ነው። አንዱ ቢሮ የሞት ማስረጃ አምጪ ይላታል፣ ሌላው የጋብቻ ወረቀት። የተጋቡት በሰማንያ ውል ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ሲዞር ጠፍቷል። አንዱ ጸሐፊ ታዲያ "ሞቷል ብለሽ ፈርሚና ይለቅልሽ" ሲላት እስክሪብቶውን አስቀምጣ ወጣች። "ሞቱን በአይኔ ሳላይ እንዴት አድርጌ በእጄ ልግደለው" ነው ያለችኝ።

ለዚህ ነገር እኮ ህጉ መንገድ ነበረው። በ1952ቱ የፍትሐብሔር ህግ ሰው ጠፍቶ 2 አመት ወሬው ካልተሰማ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ቀርቦ የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይችላል፣ ሞቷል ብሎ መፈረም አያስፈልግም፣ ጠፋብኝ ማለት ይበቃል። ጋብቻውም ቢሆን ወረቀቱ ከጠፋ ባልና ሚስት ሆነው ሲኖሩ ባየ ሰው ምስክርነት ይረጋገጣል። ይሄን የነገራት አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ተምሬ ነገሩ ሲገባኝ ጋብቻቸውን የሚመሰክሩት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አልቀው ነበር፣ ማመልከቻውን ይዘን ስንሄድም ጊዜው አልፏል ተባልን። የተቆራጩን ደረሰኞች በፌስታል ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ እንዳስቀመጠች ሞተች፣ እኔ ጋ አሉ።

አሁን ይሄን ያነሳሁት ለማስለቀስ አይደለም። እዛ ጥግ ልጇን አቅፋ የተቀመጠችውን ታውቋታላችሁ፣ ባሏ ከ2013ቱ ጦርነት አልተመለሰም፣ እሷም እንደ እማዬ ወረቀት አምጪ እየተባለች ነው። በጡረታ አዋጁ መሰረት ሚስት የባሏን ጡረታ ግማሽ ታገኛለች፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ 20 ፐርሰንት። ልጁ ገና አምስት አመቱ ነው፣ እኔንና ወንድሜን ያለፈን እሱን ገና አላለፈውም።

ማክሰኞ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላት። ሰርጓ ላይ የነበራችሁ፣ ሽማግሌ ሆናችሁ የሄዳችሁ፣ ጎረቤት ሆናችሁ ባሏ ሲወጣ ሲገባ ያያችሁ፣ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ለምስክርነት ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። አቅም ለሌላችሁ አባቶች ባጃጅ በኔ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰአት ላይ በሩ ጋ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፣ መታወቂያ እንዳትረሱ።