ጭብጨባው ይቆየን፤ ለሥነ ጽሑፍ ክበብ አዲስ አባላት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የክበባችን ነባር አባላት፣ ዘንድሮ ወደ ግቢያችን የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። የደሴ ብርድ ገና አልለመዳችሁም፤ ጋቢ ይዞ የመጣ ተጠቅሟል።

የተጠራሁት ክበቡን እንዴት እንደምትቀላቀሉ እንድነግራችሁ ነው። መልሱ አጭር ነው። መታወቂያችሁን ይዛችሁ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ትመዘገባላችሁ። በ2 ሳምንት ውስጥ የራሳችሁን አንድ ጽሑፍ ታስገባላችሁ፤ ግጥም ከሆነ ከ20 ስንኝ፣ አጭር ልቦለድ ከሆነ ከ3 ገጽ አይብለጥ። በ4 ኮፒ፣ ስም ሳይጻፍበት። ስም የማይጻፈው የዶርም ጓደኛ እንዳያዳላ ነው። የአካውንቲንግም የነርሲንግም ተማሪ ይገባል። ይኸው አለቀ።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ጽሑፍ ክበብ የመድረክ ማሟያ ሆኗል። እንግዳ ሲመጣ፣ ምረቃ ሲደርስ «አንድ ግጥም አዘጋጁ» ይባላል። ልጁ ማታ ይጽፋል፤ ጠዋት ኪቦርድ ከኋላው እየተንቆረቆረ ያነባል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ ግጥሙን ዞሮ የሚያየው የለም። የስንኙን ስብራት ኪቦርዱ ሸፈነለት፣ ጭብጨባው ደግሞ ጨርሶ ቀበረው። በ3ኛ ዓመቱም ያው ልጅ ያንኑ ግጥም ይጽፋል፤ የተቀየረው ሸሚዙ ነው!

ይህ የወሎ ወግ አይደለም። የወሎዋ ዋድላ የቅኔ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ባላት ጉባኤ ቃና በምትባል ቅኔ ይጀምራል። ቆጥሮ፣ ማለትም ቅኔውን ደርሶ፣ ያደረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ምሥጢሩ ካልገጠመ፣ ቤቱ ካልሞላ፣ እዚያው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው በየደረጃው እየታረመ ነው። የወሎዎቹ ባቲና አምባሰል የዜማ ቅኝት ስም ሆኑ እያልን መኩራቱን አውቀንበታል። መታረሙን ለማን ተውነው?

ስለዚህ የክበባችን ልቡ የሐሙስ ሂስ ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት። በአንድ ክብ ከ12 ሰው በላይ አይቀመጥም፤ ከዚያ ከበዛ ሦስቱ ያወራሉ፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ለአንድ ጽሑፍ 15 ደቂቃ ይሰጣል። ጽሑፉን ጸሐፊው አያነበውም፤ ሌላ ሰው ሁለት ጊዜ ያነበዋል። ጸሐፊው ካነበበው የጎደለውን በድምፁ ይሞላዋል፤ ሌላው ሲያነበው ግን የተሰበረው ስንኝ አንደበቱን ያደናቅፈዋል፣ እኛም እንሰማዋለን። ጸሐፊው እስኪያበቃ ዝም ይላል። «ለማለት የፈለግሁት» ብሎ ነገር የለም፤ ያልከው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው።

ለምሳሌ ያህል ስለ ደሴና ስለ ተራራዋ ስለ ጦሳ እነዚህን ስንኞች አሰናድቻለሁ፤

ከጦሳ ግርጌ ላይ ደሴ ተኝታለች፣
ጨረቃዋ ወጥታ ለእሷ ታበራለች።

በጣት ቁጠሩት፤ ስንኙ ስድስት በስድስት ቀለም ነው፣ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ። ልኩ አልጎደለም። ታዲያ ምኑ ነው የታመመው? ቤቱ የመታው፣ ማለትም የስንኞቹ መጨረሻ የገጠመው፣ በ«አለች» ነው። በ«አለች» የማይመታ ምን አለ? በልታለች፣ ሄዳለች፣ ተመርቃለች! ገጣሚው አልደከመበትም። «ለእሷ» ደግሞ ቁጥር ልትሞላ እንጂ ሥራ ኖሯት አልገባችም። የተኛች ከተማና የምታበራ ጨረቃም የየትኛውም ከተማ ናቸው። አሁን ይህን ስሙ፤

ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ደሴን ሲውጥ፣
ባጃጁ መብራቱን ከፍቶ ሽቅብ ሲያምጥ፣

ልኩ ያው ነው። ቤቱ የመታው ግን በግሡ ሥር እንጂ በቅጥያው አይደለም፤ ባጃጁንም ዳገቱንም ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ገና አላለቀም፤ «ሲ» ብሎ የጀመረ ማሰሪያ ግሥ ይፈልጋል። በሐሙስ ሂስ ገጣሚው ይህን ይዞ ወደ ዶርሙ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ማሰሪያውን ይዞ ይመጣል።

ተቺም ልክ አለው። «ደስ ይላል» እና «አልተመቸኝም» ሂስ አይደሉም። የቱ ስንኝ፣ የቱ ቃል፣ ለምን? ሰውየውን፣ ሰፈሩን፣ ሃይማኖቱን የነካ ያን ዕለት ከክቡ ይወጣል። የራሱን አስነብቦ ወዲያው ሹልክ የሚልም አለ፤ እሱን በሚቀጥለው ወር አናስነብበውም።

የቀሩትን ቶሎ ልበላቸው። መጽሔታችን በዓመት አንዴ ይወጣል፤ በሂስ ሁለት ጊዜ ያላለፈ ጽሑፍ አይገባበትም፤ ፕሬዚዳንቱም ቢሆን። በኦሮምኛም በሌላም ቋንቋ የምትጽፉ አምጡ፤ ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ አንባቢ ይዛችሁ ኑ። መድረክ በሴሚስተር አንዴ አለን፤ ኪቦርድ የለም። መዋጮውን ገንዘብ ያዡ ይነግራችኋል።

ጠረጴዛው እስከ 12 ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። ከመመዝገቢያው ጎን ያለውን ወረቀትም ውሰዱ፤ የመጀመሪያው ሐሙስ የሚታየው ግጥም እሱ ላይ ነው። እርሳስ ይዛችሁ፣ አስምራችሁበት ኑ።