«ተሰራጨ» ማለት ያቃተኝ ቀን

እሺ... እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። ፍሪጁም እንደ ልማዱ አብሮን አለ፣ ሰላም በሉት።

ዛሬ የኪራዩን ጉዳይ ልጨርስላችሁ ነበር። ቀረ። እታባን ታውቋታላችሁ። የሳንባ ካንሰሯ ቀዶ ሕክምና በሰላም አለቀ ብያችሁ ነበር፣ አልዋሸሁም። ግን ውጤቱን ለመስማት አብሬያት ገባሁ። እዚህ ሜሪላንድ የስልክ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። «ልጄ እያለ?» ብላ እምቢ አለች።

ሐኪሙ ጥሩ ጥሩውን አስቀደመ። እጢው 1.8 ሴንቲ ሜትር። ሊምፍ ኖዶቹ ንጹሕ፣ ካንሰር አልደረሰባቸውም። አብዛኛው እንደ ሐረግ የሳንባውን የአየር ከረጢቶች ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ዓይነት፣ ለዘብ ያለው። የሳንባውን ሽፋንም አልበሳም፤ ቢበሳ ኖሮ 3 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላም የእጢው እርከን ከቲ 1 ወደ ቲ 2 ይወጣ ነበር። ይሄን ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ አንበለበልኩት። እሷም «ተመስገን» አለች።

ከዚያ «ስታስ» የሚባል ነገር አነሳ። ወረቀት ጀርባ ላይ ክብ ሳለ፣ እጢው ነው። ከክቡ ውጪ ሦስት አራት ነጥብ ጣለ። ከጠርዙ አልፈው የአየር ከረጢቶቹ ውስጥ የተገኙ የካንሰር ሴሎች ናቸው። የእንግሊዝኛው ስም ላይ «ስፕሬድ» የምትል ቃል አለች። እዛች ላይ ተገተርኩ።

በኛ ካንሰር «ተሰራጨ» ከተባለ ምን ማለት ነው? አለቀ፣ ድንኳን ጣሉ ማለት ነው። የሷ ግን አንደኛ ደረጃ ነው! ጉበት አልሄደ፣ አጥንት አልሄደ። እዚያው ሳንባው ውስጥ፣ ከጠርዙ ፈቀቅ ብሎ። «ተረጨ» ልበል? «ተበተነ»? እሱ ይብሳል። ሐኪሙ እየጠበቀኝ ነው። እታባ አፍ አፌን እያየች ነው።

«ክትትል ያስፈልጋል ይላል» አልኩ።

እሷም፣ «ይሄን ሁሉ አውርቶ ሦስት ቃል?» አለች። ቆይ፣ እንደሱ አይደለም። «እንግሊዝኛ እንዲህ ረጅም ነው እንዴ?» ነው ያለችው። ሳቅን። ሐኪሙም ምን እንዳልን ሳያውቅ ሳቀ።

ማታ ማንበብ ጀመርኩ፤ አታንብብ ብላችሁኛል፣ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይሄን ስታስን እንደ አንድ የካንሰር ወረራ ዓይነት ያሰፈረው በፈረንጆቹ 2015 ነው። እሱ ሲኖር ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል፤ በተለይ የሳንባው ክፍል ሙሉው ሳይሆን ቁራሽ ብቻ ሲወጣ። የሷ ቁራሽ ነው የወጣው። «ትንሽ ብቻ ነው የቆረጡት» ብዬ እዚሁ ማይክ ላይ ደስ ብሎኝ የነገርኳችሁ እኮ ነኝ።

ደግሞ አንዳንድ ፓቶሎጂስቶች፣ ናሙና የሚመረምሩት ሐኪሞች፣ ናሙናው ሲቆረጥ ሴሎቹን የጎተታቸው ቢላው ሊሆን ይችላል ብለው ይከራከራሉ። ይቺን ይዤ ተኛሁ። በማግስቱ ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዬን እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ። ቁሌቱ አረረ። አትሳቁ፣ የዶሮውን ጉድ መቼም አትረሱልኝም።

ወረቀቷን ዳዊቷ ውስጥ ከታዋለች። ከነነጥቦቹ። አልጠየቀችኝም። ዝም ያለችው ስለገባት ነው ወይስ... እሷ እኮ ዝም አትልም።

እሁድ እነግራታለሁ። ወይ የሚቀጥለው ሲቲ ስካን ይምጣና... «ጠርዙን ዘለለ» ቢባልስ? «ሾለከ»? ሾለከ ደግሞ ሌባ ያስመስለዋል...