የአደን መብት በስሙ ይጠራ፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየቀዬአችሁ ደክማችሁ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ዘንድሮ የምንነጋገረው ፓርክ ሲከለል ከሁሉ ቀድሞ ስለሚጠፋው መብት፣ ስለ አደን ነው። ግጦሽና እርሻ በሕግ ስም አላቸው፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለሁለቱ የሚሆን መሬት የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አድኖና ማር ቆርጦ የሚያድረው ግን እዚያ አንቀጽ ውስጥ አልተጠራም። በኦሞ ወንዝ ዳር በአደንና በማር የሚያድሩት ኩዌጉዎች የቆሙት እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ስም ሳይጠራ ሲቀር ምን እንደሚከተል ከቦትስዋና እንይ። የማዕከላዊ ካላሃሪ ጥብቅ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲከለል በአደን የሚተዳደሩት ነባሮቹ ሳኖች ውስጡ ይኖሩ ነበር። በ1997 እና በ2002 እንዲወጡ ተደረገ፤ እዚያው ሥፍራ ውስጥ ያለው የሞቶሜሎ የውኃ ጉድጓድም ተዘጋ። በ2006 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከይዞታቸው የተነሡት ያለ ፈቃዳቸው እንደሆነ፣ ልዩ የአደን ፈቃድ መከልከላቸውም ሕገ ወጥ እንደሆነ ፈረደ። ከዚያስ? መንግሥት ያለ መግቢያ ፈቃድ ግቡ ያለው ስማቸው በክሱ ዝርዝር ላይ የሰፈረውን ብቻ ነው። ያልተመዘገበ ወንድም ፈቃድ ጠይቅ ተባለ። የአደን ፈቃዱም አልተሰጠም፤ በ2014 አደን በአገር ደረጃ ታገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2019 ነው። ውኃው ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ጠየቀ፤ በይግባኝ የተፈረደላቸው በ2011 ነው። በማኡ ደን በአደንና በማር የሚኖሩት የኬንያ ኦጊየኮችም በ2017 በአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ረቱ፤ በ2023 ግን ከደኑ እንደገና ተፈናቀሉ።

ስለዚህ የማኅበረሰቦችን ይዞታና ልማድ የምንመዘግብበትን የመስክ ሥራችንን እናጥብቅ። የቤተሰብ መዝገቡ አባወራውን ብቻ አይያዝ፤ ሚስት፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ለሥራ ርቀው የሄዱ ሁሉ በየስማቸው ይግቡ፤ በየዓመቱም ይታደስ። የአደን ልማዱ ሲጻፍ «ድሮም እናድናለን» ማለት አይበቃም። የትኛው እንስሳ? በየትኛው ወር? በምን መሣሪያ? ማን ይፈቅዳል? እርጉዝና ግልገል ይነካል ወይ? ሥጋው ለማን ይከፋፈላል? ለማኅበረሰቡ ከሁሉ የሚያግዘው፣ ያወጣው ክልከላ ነው ባይ ነኝ፤ ጠባቂ እንደነበረ የሚያሳየው እሱ ነውና።

ካርታው ላይ ብዙ ጊዜ የምንወድቀው በአንድ ቦታ ነው። የቆዩት የ1:50,000 የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው መነሻ፣ ማለትም የቦታ ነጥቦች በሚለኩበት መሠረት፣ የተሠሩ ናቸው፤ በእጅ የምንይዘው ጂፒኤስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው የሚያነበው። ሳይለወጥ ከተወሰደ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። ከችካሉ ውጭ የተሰቀለ ቀፎ ፓርኩ ውስጥ ገብቶ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ተከራካሪው ወገን ትክክለኛዎቹንም ነጥቦች ይጥልባችኋል። በእያንዳንዱ ቅጽ ራስጌ መነሻውን ጻፉ። ውኃ፣ የጨው አፈር፣ የቀፎ ዛፍና መቃብር በየራሳቸው ምልክት ይመዝገቡ፤ የክረምቱና የበጋው ሉህ ይለያይ። አንዱን ወቅት ብቻ የያዘ ካርታ የቀረውን ወቅት መሬት «ባዶ ነው» ለማለት ያመቻል።

ነጭ ሳር ፓርክ ላይ ጉጂዎችም ኮሬዎችም ይዞታችን ነው ይላሉ። እንዲህ ባለ ቦታ አንዱን ወገን ብቻ ይዞ ወሰን መዞር ጠብ መጫር ነው። ሁለቱም ሽማግሌዎቻቸውን ይላኩ፣ አብረው ይዙሩ፤ የማይስማሙበት ሥፍራ በመስመር አይቆረጥ፣ በጋራ ጥላ ይቀባ። ከጊዜ ጋር ሊፈቱት ይችላሉ፤ እኛ ያሰመርነው መስመር ግን ያስራቸዋል።

የመጨረሻው አሻራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኦሞ ፓርክ ወሰን ሲከለል የአካባቢው ነዋሪዎች ሙርሲዎች ማንበብ የማይችሉት ሰነድ ላይ አውራ ጣታቸውን እንዳሳረፉ በወቅቱ በስፋት ተነግሯል። ሰነዱ በራሳቸው ቋንቋ ጮክ ብሎ ሳይነበብ፣ ሴቶችና ወጣቶች ሳይሰሙት፣ ቅጂውም እጃቸው ላይ ሳይቀር ማንም የእኛ ባለሙያ ቀለም አያቅርብ።

የተሻሻለው የመስክ ቅጽ በየጠረጴዛችሁ ላይ አለ። ሦስተኛው ገጽ ስለ አደን ክልከላዎች የሚጠይቀው ነው፤ ከምሳ በፊት በየቋንቋችሁ ሞክሩትና የማይገባውን ጥያቄ አስምሩበት።