ኢ-ማርከር አለው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ታገሡኝ፤ መስኮቱን ዘግቼ ሙቀቱን አልቻልኩትም።

ዛሬ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ባለፈው ወር ፒያሳ አካባቢ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። የላፕቶፕ ቻርጀሬ ገመድ ተበላሽቶብኝ ነው። ታይፕ ሲ፣ 100 ዋት። ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ ሁለት ገመድ አወጣችልኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ኢ-ማርከር አለው?»

«ምን አለው?» አለችኝ።

እዚህ ጋ ዝም ብል ምን ነበረበት! ግን ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሟል፤ ሰሚ ተገኘ። ጀመርኩላት። ታይፕ ሲ ገመድ ኢ-ማርከር የምትባል ትንሽ ቺፕ ከሌለችው ከ3 አምፔር በላይ አይሰጥም። በ20 ቮልት ቢበዛ 60 ዋት ማለት ነው። ለ100 ዋት 5 አምፔር ያስፈልጋል... «እንዴት የምትሸጪውን አታውቂም?» ብዬ ጨረስኩ። አንዱ ከኋላዬ ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳቁ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጅቷ አንዱን ገመድ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ወንድሜ፣ እሱን አላውቅም። ይሄኛው ግን ተመልሶብን አያውቅም።»

ያኛው ግን ካርቶኑ ላይ «100 ዋት» ይላል። እኔ ደግሞ ማንበብ የምችል ሰው ነኛ! የተጻፈበትን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስሰካው ላፕቶፑ «ቻርጀሩ ቀርፋፋ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ያን ማታ ብዙ አሰብኩ። እኛ ቴክ እናውቃለን የምንል ሰዎች ሱቅ ገብተን የማናውቀውን አንጠይቅም። መልሱን ኪሳችን ይዘን ነው የምንጠይቀው። ልጆቹን እንፈትናለን እንጂ አንገዛም። አንድ ጓደኛዬ 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh) የተጻፈበት ፓወር ባንክ ገዝቶ፣ በመለኪያ ሲያየው 13,000 ገደማ ሆነበት። ሄዶ ሻጩን «ሌባ» አለው፣ ሰው ፊት። ቁጥሩ እኮ ውስጥ ያለው ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ምንም ባይባክን እንኳ 14,800 ነው የሚሆነው። ሻጩ የሚመልሰው አጣ። ጓደኛዬ እንግዲህ አዋቂው ነው።

ያቺ ልጅ ከኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ ፍላሽ፣ ከዲቫይደር እስከ ስታቢላይዘር ትሸጣለች። ዕቃው በካርቶን ይመጣል፣ ዋጋው ይነገራታል፣ በቃ። ማን ቁጭ አድርጎ አስተማራት? የምታውቀው ሌላ ነው። የትኛው ዕቃ በሳምንቱ ይመለሳል? መብራት ሄዶ ሲመጣ የትኛው ቻርጀር ይቃጠላል? ይሄን የትኛው ዩቲዩበር ይነግረኛል? እሷ ልትነግረኝ ስትጀምር ግን አልሰማኋትም።

በሦስተኛው ቀን ገመዱን ይዤ ተመለስኩ። «ነግሬህ አልነበር?» ትለኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቻለሁ። ምንም አላለችም። ያንን ሌላውን ገመድ አወጣችና ሰጠችኝ። ከዚያ እስክሪብቶና ቁራጭ ካርቶን አቀበለችኝ።

«ያንን ስሙን ጻፍልኝ እስቲ። ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ እንዳላፍር።»

ጻፍኩላት። እጄ ትንሽ ከበደኝ። «ሌላስ የሚመለስባችሁ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጊዜ አለህ?» ብላ በርጩማ ሳበችልኝ።