የመጀመሪያው መጽሐፍ ይለቅ

እንደምን አመሻችሁ?

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ዛሬ የተሰበሰብነው በእንግሊዝኛ ልቦለድ የምንጽፍ ሰዎች ነን። ብዙዎቻችሁ ያሰባችሁት አንድ መጽሐፍ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሦስት አራት ቅጽ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የእኔ ልቦለድ ስለ አንድ ቁም ጸሐፊ ነው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት፣ ቦታው ጎንደር። ጸሐፊው ሐሰተኛ የርስት ሰነድ ይጽፋል። በዚያ ሰነድ የገዛ ወንድሙ ከመሬቱ ይነቀላል። ለኤጀንቶች፣ ማለትም መጽሐፋችንን ለአሳታሚ ለሚሸጡልን ወኪሎች፣ በላክሁት ደብዳቤ ግን ግማሹን ገጽ ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ቅጽ አወራሁ። የጸሐፊው የልጅ ልጆች ሳይቀሩ ገቡበት። መልሱ ወይ «አይሆንም» ወይ ዝምታ ሆነ።

አንዲት ኤጀንት ብቻ፣ እግዚአብሔር ይስጣትና፣ «ይሄኛው መጽሐፍ የሚያልቀው የት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ወንድምየው ሰነዱን ሊያይ ሲል ነበር ታሪኩን የቆረጥኩት። አንባቢ ቀጣዩን ይገዛል ብዬ።

ኤጀንት የሚበላው ከሽያጭ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ኮሚሽን 15 በመቶ ነው። መጽሐፉ ካልተሸጠ ምንም አያገኝም። (ገና ለማንበብ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ጥላችሁት ሂዱ።) አሳታሚውም የመጀመሪያው እንዴት እንደሚሸጥ ሳያይ ለአዲስ ደራሲ ሦስት ቅጽ ቃል መግባት ይፈራል። ስለዚህ ሁለቱም የሚፈልጉት ብቻውን የሚቆም መጽሐፍ ነው።

ደብዳቤያችሁ ከአንድ ገጽ አይለፍ። 300 ቃል ገደማ ይበቃል። ባለታሪካችሁ ማነው? ምን ፈለገ? ማን ከለከለው? ካልተሳካለት ምን ያጣል? ይህን ንገሩ። ርዕሱን፣ ዘውጉን፣ የቃሉን ብዛት ጨምሩ። ስለ ተከታታይነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ፦ «ራሱን የቻለ ልቦለድ ነው፤ በተከታታይ ሊቀጥልም ይችላል።» አለቀ።

እኔ መጨረሻውን እንደገና ጻፍኩት። አሁን ወንድምየው ሰነዱን ችሎት ፊት ያስነብበዋል። የእጅ ጽሕፈቱንም ያውቀዋል። የሁለቱ ጉዳይ እዚያው ይቋጫል። ጸሐፊው የጻፋቸው ሌሎች ሰነዶች ግን ገና በሰው ቤት ተቀምጠዋል። ሁለተኛው መጽሐፍ ቢመጣ ከዚያ ይመጣል። እስከዚያው አልጻፍኩትም። የመጀመሪያው ካልተሸጠ ሁለተኛውን ለማን አሳያለሁ? አሁን የምጽፈው ሌላ፣ ከዚህ ጋር የማይገናኝ ታሪክ ነው።

እስቲ አሁን ደብዳቤያችሁን አውጡ። ስለ ሁለተኛው ቅጽ የሚያወራውን ሁሉ አስምሩበት። ከዚያ አጠገባችሁ ላለው ሰው የመጀመሪያው መጽሐፍ እንዴት እንደሚያልቅ ንገሩት።